ቤታችን ገብቶ ልጆቻችንን የሚያስጠናው ሰው ማነው? ለትምህርት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በአዲስ አበባ ትምህርትን ለምትመሩ፣ ለምትቆጣጠሩና ፈቃድ ለምትሰጡ ኃላፊዎች በሙሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልን።

ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው ሰሚት፣ አያትና ሲኤምሲ አካባቢ የምንኖር፣ ልጆቻችንን የግል ትምህርት ቤት የምናስተምር ወላጆች ባለን የቴሌግራም ግሩፕ ስም ነው። የግሩፑ ጸሐፊ ነኝ። የተጻፈውን ሁሉም አንብቦታል፣ የተጨመረም የተቀነሰም አለ፣ አንዳንድ ቦታ ጠንከር ብሎ ከታያችሁ ግን ያ የኔ አጻጻፍ ነው እንጂ ማንንም ለማስቀየም አይደለም።

ነገሩ የተነሳው ዘንድሮ ትምህርት እንደተጀመረ ነው። የብዙዎቻችን ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አንድ ሰርኩላር በተነ። ማንኛውም የትምህርት ቤቱ መምህር የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ ቤት ሄዶ በክፍያ ማስጠናት አይችልም፣ ሲያስጠና ከተገኘም ከስራ ይሰናበታል ይላል። ምክንያቱ ይገባናል፣ እንደውም ብዙዎቻችን ደግፈነዋል፣ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ ቸኩሎ ያለፈውን ምዕራፍ ማታ በብር የሚያብራራ መምህር ነበረ፣ ማርክ ላይም ከፋዩና የማይከፍለው ልጅ እኩል አይታይም የሚል ሐሜት ነበረ። ስለዚህ ውሳኔውን ሻሩልን ብለን አይደለም የመጣነው። ችግሩ ውሳኔው ሲመጣ ልጆቻችንን በስማቸው የሚያውቁ፣ የማስተማር ስልጠና የወሰዱ ሰዎችን በአንድ ቀን አጣንና በምትካቸው ማንን እንቅጠር የሚለውን የሚነግረን ሰው ጠፋ።

ትምህርት ቤቱን ጠየቅን፣ እሱ የኛ ጉዳይ አይደለም፣ መንግስትን ጠይቁ አሉን። ከመሀላችን ጊዜ ያላቸው ተመርጠው ወደሚመለከተው መስሪያ ቤት ሄዱ። እዛ ደግሞ የተሰጣቸው መልስ እኛ የምንቆጣጠረው ተቋም ነው፣ ቤት ለቤት ማስጠናት ተቋም አይደለም የሚል ነው። ሌላ ቢሮ ሲሄዱ ይሄማ በሁለታችሁ ስምምነት የሚደረግ የግል ነገር ነው ተባሉ። ሁሉም በትህትና ነው የመለሰው፣ ውሸት አንናገርም፣ ግን ከሁሉም ቢሮ የወጣነው ባዶ እጃችንን ነው።

እስቲ ይሄን ነገር አስቡት። ክፍል ውስጥ አርባ ልጅ ፊት የሚቆመው መምህር ዲግሪው ይታያል፣ የሙያ ብቃት ምዘና ውሰድ ይባላል፣ ሱፐርቫይዘር ይገባበታል፣ ዳይሬክተር አለበት። ማታ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቤታችን መጥቶ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው የሚቀመጠው ሰው ግን ስሙን እንኳን ትክክለኛ ስሙ ይሁን አይሁን የሚያውቅልን የለም። የቤት ሰራተኛ ስንቀጥር ደላላው ተያዥ አምጪ ይላል፣ መታወቂያ ኮፒ ይያዛል። ለአስጠኚ ይሄም የለም።

መጀመሪያ ግን ለምን አስጠኚ አስፈለጋችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁ አታስጠኑም ወይ ለሚለን ሰው ትንሽ ልበል። ማታ አንድ ሰዓት ከስራ የሚገባ ወላጅ ነው የብዙው ቤት። ከዛ ደግሞ ትምህርቱ እኛ የተማርነው አይደለም፣ የግል ትምህርት ቤቶቹ ሂሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጡት፣ መጽሐፉም ተቀይሯል። ትልቁ ምክንያት ግን ፍርሃት ነው፣ በግልጽ እንናገር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ ከግማሽ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነው። ኩረጃው ቀረ፣ እውነቱ ታየ፣ ጥሩ ነው፣ እኛም ደግፈናል። ግን ያንን ቁጥር በቴሌቪዥን የሰማ ወላጅ ልጁ ገና 2ኛ ክፍል እያለ አስጠኚ መፈለግ ጀመረ። ከመሀል ደግሞ የ6ኛ እና የ8ኛ ክፍል ፈተና አለ። ስለዚህ ገበያው ተጋጋለ፣ ገበያው ሲጋጋል ደግሞ ማን እንደሚገባበት ታውቁታላችሁ።

አሁን ቅሬታችንን በተራ እናቅርብ። ሁሉም በግሩፓችን ውስጥ ባሉ ቤተሰቦች ላይ የደረሰ ነው፣ የሰውም የድርጅትም ስም ያልጠቀስነው ክስ ለመመስረት ስላልሆነ ነው።

አንደኛ፣ የትምህርት ማስረጃ ጉዳይ። አንድ አስጠኚ አገናኝ ኤጀንሲ ለአንዲት እናት በቴሌግራም የዲግሪ ፎቶ ላከላት፣ በሂሳብ ትምህርት የተመረቀ፣ ጥሩ ውጤት ያለው። እሷም ደስ ብሏት ቀጠረችው። ከጊዜ በኋላ ሌላ እናት እኔም ጋ የሚመጣው የሂሳብ ምሩቅ ነው ብላ ወረቀቱን ግሩፑ ላይ ስትለጥፈው ያው ወረቀት ነው! ማህተሙ ያው፣ የተመረቀበት ቀን ያው፣ ውጤቱ ያው፣ ስሙና ፎቶው ብቻ ተቀይሯል። ሁለቱ አስጠኚዎች ደግሞ ፈጽሞ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ኤጀንሲው ሲጠየቅ እነሱ ያመጡልንን ነው የላክንላችሁ አለ፣ ከዛ ስልክ አላነሳም። የመንግስት ሰራተኛው ማስረጃ ይጣራ ተብሎ ዘመቻ ሲካሄድ አይተናል፣ ማጣራት ይቻላል ማለት ነው እኮ። አንድ ወላጅ ግን የት ሄዶ ያጣራ? ዩኒቨርሲቲው በደብዳቤ ካልሆነ መረጃ አንሰጥም ይላል፣ ደብዳቤ የሚጽፍልን መስሪያ ቤት ደግሞ የለንም። ከ2015 ወዲህ ተመረቅሁ የሚል ሰው የመውጫ ፈተና ያለፈ መሆን አለበት፣ ቢያንስ እሱን አሳየኝ ማለት እንደሚቻል እንኳን ያወቅነው አንድ የግሩፑ አባል ዩኒቨርሲቲ ስለሚያስተምር ነው። ይሄን ለሁሉም ወላጅ የሚነግር አንድ ገጽ ወረቀት አውጥታችሁ አታውቁም።

ሁለተኛው ቅሬታ ከመጀመሪያውም የሚብስ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ፎርጅድ በሌለበትም የሚከሰት ነው። ዲግሪ ያለው ሰው ሁሉ ማስተማር ይችላል የሚል እምነት አለ፣ እናንተም ዝም ስላላችሁ እምነቱ ጸንቷል። አንድ የሶፍትዌር ምሩቅ፣ ጨዋ፣ ሰዓት አክባሪ፣ የ3ኛ ክፍል ልጅ ሊያስጠና ተቀጠረ። ልጅቷ በየቀኑ ሆምወርኳ ተሰርቶ፣ አስር ከአስር ተጽፎበት ይመጣል፣ ቤቱ ሁሉ ደስ ብሎታል። ፈተና ሲመጣ ወደቀች። ለካ አስጠኚው እሱ እያለ እሷ ትጽፋለች። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ የቀጠሩት ሰዎች ሆምወርኳን ጨርስላት ነው ያሉት፣ እሱም ጨረሰ። የሰለጠነ ሰው ግን ያንን እሺ አይልም።

ልዩነቱን በአይናችን ስላየነው ነው የምንናገረው። ያችኑ ልጅ በኋላ ያየቻት ጡረታ የወጣች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። የመጀመሪያ ቀን ምንም አላስተማረችም። ፊደል ከፍ ዝቅ አድርጋ፣ ሳታስከትል፣ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እየጠቆመች አስነበበቻት። ልጅቷ ሀ ሁ ሂ ሃ ብላ በዜማ እስከ ፐ ድረስ ትወርደዋለች፣ ግን ከመሀል ነጥለው ሲያሳዩዋት ኃምሱንና ሳብዑን አታውቀውም። 231 ፊደል በቃሏ ይዛ ማንበብ ሳትችል 3ኛ ክፍል ደርሳለች፣ የወደቀችበት ሂሳብ ደግሞ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጥያቄውን አንብባ መረዳት አልቻለችም እንጂ መደመር መቀነሱንማ ትችላለች። ይሄን ለማየት ለመምህርቷ አንድ ከሰዓት በቂ ነበር። ይሄ የኛ ልጆች ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ፣ በ2002 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት በሚማሩበት ቋንቋ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም ነበር። እናንተ ከኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ታዲያ የማስነበብ ስልጠና የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ልጅ ጋ ሲቀመጥ ምን ሊያደርግ ነው?

መንግስት ራሱ እኮ ይሄን ያምናል። አፕላይድ ሳይንስ ተመርቆ ሁለተኛ ደረጃ ላስተምር የሚለውን ሰው ፒጂዲቲ፣ ማለትም የማስተማር ሙያ የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ፣ ውሰድ ብላችሁ ትልካላችሁ፣ ፊዚክስ ማወቅና ፊዚክስ ማስተማር ይለያያል ብላችሁ ነው እንጂ ሌላ ምን ምክንያት አለው። ኮተቤን የሚያህል አንድ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተሰይሟል። ይሄ ሁሉ ለትምህርት ቤት ሲሆን ይሰራል፣ ለቤት ሲሆን ግን ማንም ምንም ቢሆን ግድ የለም ማለት ነው?

በነገራችን ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አያስጠና እያልን አይደለም። ግማሹ የአዲስ አበባ ምሩቅ የታክሲና የፎቶኮፒ ብሩን የሸፈነው ልጅ አስጠንቶ ነው፣ ከኛም መሀል አለ። 11ኛ ክፍል ላለ ጎበዝ ልጅ የሶስተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ተማሪ ጥያቄ አብሮ ቢሰራ በጣም ጥሩ ነው፣ ገና ትናንት የተፈተነ ስለሆነ እንደውም ከሁሉም ይሻላል። እኛ የምንለው ማን ማን እንደሆነ እንወቅ፣ ተማሪው ተማሪ ነኝ ይበል፣ መምህሩ መምህር ነኝ ይበል፣ ዋጋውም እንደዛው ይሁን።

ሶስተኛ፣ መጽሐፉ ተቀይሯል አስጠኚው አልተቀየረም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ሲገባ 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ተለይተው መሰጠታቸው ቀርቶ ጠቅላላ ሳይንስ በሚል አንድ ላይ ሆነዋል፣ ተለይተው የሚመጡት 9ኛ ላይ ነው። ከኛ አንዱ ለ7ኛ ክፍል ልጁ የቀጠረው አስጠኚ የድሮውን የፊዚክስ መጽሐፍ ይዞ መጥቶ ወራት ሙሉ እሱን አስጠናው። ልጁ ይሄ እኛ ጋ የለም ሲል አስጠኚው ዝም ብለህ ስራ፣ ይጠቅምሃል ይለዋል። አባትየው ደግሞ አስጠኚውን ነው ያመነው እንጂ ልጁን አላመነውም፣ ማን ነው የሚያምን። እንግዲህ ትምህርት ቤት ያለው መምህር አዲሱ መጽሐፍ ሲመጣ ስልጠና ተሰጥቶታል፣ ቤት ለቤት የሚዞረውን ግን ስለማታውቁት አሰልጥኑት ብንልም የምትጠሩበት ስም ዝርዝር የላችሁም።

አራተኛው ለመጻፍም ያስቸግራል። አንድ የ8 ዓመት ልጅ አስጠኚው ሲመጣ ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረ። እናቱ ስንፍና መሰላት። በኋላ ክንዱ ላይ የቁንጥጫ ምልክት ታየ፣ ሲጠየቅ ስሳሳት ነው አለ። እቤት የነበረችው ሰራተኛ ሰምታለች ግን ቱቶር ነው፣ የተማረ ሰው ነው፣ ምን ልበል ብላ ዝም አለች። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ እንደሆኑ ይላል። ታዲያ አስጠኚው ትምህርት ቤት አይደለም፣ ማሳደጊያም አይደለም፣ እናንተም ተቋም አይደለም ብላችሁናል። ፖሊስ ጋ መሄድ ይቻላል፣ እናውቃለን፣ እናትየው ግን ልጄን ጣቢያ ለጣቢያ አላንከራትትም ብላ ሰውየውን አሰናበተችው፣ እሱም በሳምንቱ ሌላ ሰፈር ሌላ ልጅ ጋ ገባ። እንዴት እንዳወቅን? በዛው ኤጀንሲ ቻናል ላይ ልምድ ያለው፣ ታጋሽ ተብሎ ማስታወቂያ ተሰርቶለት አየነው። ሌላ የከፋ ነገር ቢሆንስ ኖሮ? በር ዘግቶ ከልጅ ጋር የሚቀመጥ ሰው ነው የምናወራው። የሚከለክለው አንድም መዝገብ የለም።

አምስተኛ፣ ኤጀንሲ የሚባሉት። የስልክ እንጨት ላይ ከኬጂ እስከ 12ኛ ቤት ለቤት እናስጠናለን የሚለው ወረቀት ሁሉ ኤጀንሲ ነው። ንግድ ፈቃድ አለን ይላሉ፣ ሊኖራቸው ይችላል፣ ግን ንግድ ፈቃዱ ስለ ማስተማር ምንም አይናገርም። አንዱን ሰው አሳይተው ውል ያዋውላሉ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እሱ ስራ አግኝቷል ብለው ምትክ ይልካሉ፣ ምትኩ ደግሞ ልጁ ምን ላይ እንደደረሰ አያውቅም፣ ከሀ ይጀምራል። ብሩ ለኤጀንሲው ነው የሚገባው። አስጠኚው ምን ያህል እንደሚደርሰው ስንጠይቅ ደነገጥን፣ ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ግማሹን የሚቆርጡ አሉ፣ ከዛም በየወሩ የሚቆርጡ አሉ። ከአንድ ወር በኋላ ወላጅና አስጠኚ በቀጥታ እንዳይገናኙ ብለውም ያስፈራራሉ። ለዚህ ነው ጥሩ ጥሩዎቹ መምህራን በኤጀንሲ የማይገቡት፣ በሰው በሰው ነው የሚገኙት፣ በሰው በሰው የሚያገኝ ደግሞ ሰው ያለው ነው። ለከተማው አዲስ የሆነ፣ ዘመድ የሌለው፣ ከሰው ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወላጅ እንጨት ላይ የተለጠፈው ስልክ ነው የቀረለት።

ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ያሏቸው ወላጆች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አንዷ እናት ልጇ ኦቲዝም አለበት፣ በልዩ ፍላጎት የሰለጠነ ሰው ፈልጋ የመጡላት ሁሉ እችላለሁ አሉ፣ ሁሉም! አንዱም ግን ከዚህ በፊት ከእንደዚህ አይነት ልጅ ጋር አልሰራሁም ብሎ እውነቱን አልነገራትም። የሚጠይቃቸው የለማ። በልዩ ፍላጎት ትምህርት በዩኒቨርሲቲ የሚመረቁ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን፣ የት እንዳሉ ነው የማናውቀው።

እናንተ እስክትመጡ ብለን ደግሞ እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። በግሩፓችን የራሳችንን መጠየቂያ አወጣን። አስጠኚ ሲመጣ የመጀመሪያውን ቀን ምን ታደርጋለህ ብለን እንጠይቃለን፣ ቀጥታ ማስተማር እጀምራለሁ ካለ ይቆይ፣ ደብተሩንና ያለፈውን ፈተና አያለሁ፣ ልጁን አናግረዋለሁ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። የትኛውን መጽሐፍ ነው የምትጠቀመው እንላለን። ልጁ መልሱን ሲያጣ ምን ትለዋለህ እንላለን፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ሆምወርክ ትሰራለታለህ ወይ ብለን ሆን ብለን እንጠይቃለን፣ አዎ የሚለውን አንቀጥርም። ለ2ኛ ክፍል ልጅ በቀን ሶስት ሰዓት አስጠናለሁ የሚለውንም እንጠረጥራለን፣ የዛ ዕድሜ ልጅ አንድ ሰዓት ሲሞላው ያዛጋል፣ የተቀረው የብር ሰዓት ነው። ማስጠናቱ ሳሎን ውስጥ፣ ቤተሰብ በሚያይበት ቦታ ይሁን ብለናል፣ በር አይዘጋም። በየሳምንቱ ልጁ ምን እንደቻለና ምን እንዳቃተው ሁለት መስመር ቴክስት ይላክ ብለናል፣ ጎበዝ ነው እየተሻሻለ ነው የሚል ሳይሆን የትኛው ምዕራፍ፣ የትኛው ጥያቄ። ከዚህ በፊት ያስጠናበትን ቤት ስልክ ወስደን እንደውላለን። ይሄ ሁሉ ብዙ ረድቶናል፣ ግን ፎርጅድ ዲግሪ በዚህ አይያዝም፣ የድሮ ወንጀልም በዚህ አይታወቅም። የራሳችሁን ስራ እኛ ጀምረንላችኋል፣ ጫፉን እናንተ ያዙት።

መምህራኑም ተጎድተዋል፣ ይሄ ሳይባል አይታለፍም። ማስተማር የተማረ፣ ብዙ ዓመት ያስተማረ ሰው በደሞዙ ወር መድረስ ስላልቻለ ነው ማታ ማታ ከታክሲ ታክሲ እየዘለለ የሚያስጠናው። አሁን ደግሞ የራሱን ትምህርት ቤት ተማሪ አታስጠና ሲባል ለሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ማስጠናት ይችላል አይችልም የሚለው ግልጽ አልሆነለትም፣ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ጭራሽ ለማንም አታስጠኑ የሚል ውል አስፈርሟል። እናም ማስተማር የሚችለው ፈርቶ ተደብቋል፣ የማይችለው በየእንጨቱ ተለጥፏል። አንድ የማውቀው መምህር ቤት ሲመጣ ማንም እንዳያየው ኮፍያ አድርጎ ነው የሚገባው፣ ሌባ አይደለም እኮ፣ ፊዚክስ ነው የሚያስተምረው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይሄን ነው።

ማስጠናት ለሚፈልግ ሁሉ በፈቃደኝነት የሚመዘገብበት አንድ ቦታ ክፈቱልን። ዲግሪውን፣ የማስተማር ስልጠና ካለው እሱን፣ ከፖሊስ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ፋይዳ ቁጥሩን ያቅርብ፣ እናንተ አጣሩና ቁጥር ስጡት። ወላጅ ቁጥሩን በስልክ አስገብቶ ይሄ ሰው እውነት መምህር ነው፣ ይሄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ይሄኛው በልዩ ፍላጎት የሰለጠነ ነው የሚለውን ይይ። ሌላ ምንም አንፈልግም፣ ደረጃ አንድ ደረጃ ሁለት ብላችሁ ባታወሳስቡትም ግድ የለንም። ወረቀት ሰርተፍኬት ግን አትስጡ፣ ወረቀትማ ፎርጅድ ይሰራል፣ ቁጥርና ፎቶ ይሻላል።

በልጅ ላይ እጁን ያነሳ ወይም በሌላ ነገር የተከሰሰ አስጠኚ ጥቆማ የሚሰጥበት አንድ ስልክ ይኑር፣ ጥቆማው እስኪጣራም ቁጥሩ ይታገድ፣ ሐሰት ሆኖ ከተገኘም ስሙ ይመለስለት። አስጠኚውም ሰው ነው፣ ቂም በያዘ ወላጅ እንዳይበላሽ እንፈራለን።

ኤጀንሲዎቹን በተመለከተ፣ የሚልኩትን ሰው ማስረጃ ሳያጣሩ እንዳይልኩ፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰው እንዳይቀይሩ፣ ከአስጠኚው ስንት እንደሚቆርጡ በውሉ ላይ እንዲጽፉ አስገድዱልን። ይሄን የማይቀበል ኤጀንሲ ቢዘጋ የሚጎዳ ወላጅ አይኖርም።

ትምህርት ቤቶች መምህሮቻቸውን የራሳቸውን ተማሪ በክፍያ እንዳያስጠኑ መከልከላቸው ይቀጥል፣ ግን የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ማስጠናት እንደሚችሉ በግልጽ ጻፉላቸው። ማንበብ ላቃታቸው ልጆች ደግሞ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ራሱ ድጋፍ እንዲሰጥ አድርጉ። በዓመት በዓመቱ ክፍያ ሲጨምሩብን የትምህርት ጥራት ብለው ነው፣ 3ኛ ክፍል ደርሶ ያላነበበ ልጅ የማን ጥራት ነው? እውነት ለመናገር ይሄ ቢሰራ ግማሾቻችን አስጠኚ አንፈልግም ነበር።

በአዲሱ መጽሐፍ ላይ ለመምህራን የምትሰጡት ስልጠናም ለተመዘገቡ አስጠኚዎች ክፍት ይሁን፣ ከፍለውም ቢሆን ይገባሉ።

አንድ ፍርሃት አለብን፣ እሱንም አንደብቅም። መንግስት አንድ ነገር ሲጠየቅ ሁለት ነገር ይቀናዋል፣ ወይ ይከለክላል ወይ ግብር ይጥላል። ይሄ ደብዳቤ ደርሷችሁ በማግስቱ ቤት ለቤት ማስጠናት ተከልክሏል ብትሉ ማስጠናቱ አይቆምም፣ ኮፍያ የሚያደርገው ይበዛል እንጂ። ታክስ ብትጭኑበት ደግሞ የሚከፍለው ወላጅ ነው፣ አሁን በሰዓት የምንከፍለው ራሱ ለአንዳንዱ ቤት የአስቤዛውን ያህል ሆኗል። ምዝገባው ነፃ ይሁን፣ ካልሆነም የአንድ ሰዓት ማስጠኛ ዋጋ አይለፍ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን፣ በማህበራዊ ገጻችሁ ብትለጥፉትም እናየዋለን። ስብሰባ ብትጠሩን ቅዳሜ ከሰዓት ለአብዛኞቻችን ይመቻል፣ የስራ ቀን ከሆነም ፈቃድ ጠይቀን የሚመጡ ወላጆች አሉ። ከመምህራንም ሁለት ሶስት ይዘን እንመጣለን፣ ስማቸው እንዳይጠቀስ ቃል ከገባችሁላቸው። ተመሳስለው የተሰሩትን ሁለቱን ወረቀቶች እንዲሁም የኤጀንሲ ውሎችን ኮፒ አድርገን አስቀምጠናል፣ ስትጠይቁን እናስረክባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሰሚት፣ አያትና ሲኤምሲ አካባቢ ወላጆች ግሩፕ ጸሐፊ
የ3ኛ እና የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች እናት